የዓባይነህ ሦስት ፌዝ

ዓባይነህ ጡረታ ሊወጣ ሰሞን ምን ልትሠራ አስበሃል ብለን ስንጠይቀው ለእያንዳንዳችን የተለያየ መልስ ሰጠን። ለእኔ፣ "ንብ ላረባ ነው፤ ሚስትህን ማር አበላታለሁ" አለኝ። ለአለቃችን ኦፔራ መዝፈን ልማር ነው አለው፤ ሰውየውም ደንግጦ እጁን ጨበጠው። ለሚስቱ ለእታለማሁ ደግሞ፣ "ጋራዡን ጥርግ አድርጌ አጸዳልሽና መኪናሽ እዚያው ታድራለች፤ ከእንግዲህ በየዊንተሩ በረዶ ስትፍቂ አትኖሪም" አላት። ከሦስታችን ያመነችው እሷ ብቻ ናት።

እሱና እኔ እዚህ አሜሪካ ከአንድ ዴፖ እየወጣን ለብዙ ዓመት አውቶቡስ ነድተናል። ሥራውን የሚያውቅ፣ ተሳፋሪ የሚወደው ሾፌር ነበር፤ ግን ሳያፌዝ መዋል አይሆንለትም። በረዶ በጣለበት ጠዋት ሰው ሁሉ አኩርፎ ሲቀመጥ ማይኩን ያነሣና ፈገግ እንኳ ሳይል፣ "ቀጣዩ ፌርማታ ሞምባሳ ነው፤ ኮታችሁን አውልቁ" ይላል። አንድ ጊዜ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ እዚህ አጠገባችን ባለችው አሌክሳንድሪያ በተደረገ ሠርግ ላይ፣ የተጠራው በሴቷ ወገን ሆኖ ሳለ፣ ወንበር ስላጣ ብቻ የሙሽራው አጎት ነኝ ብሎ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ንግግር እንዲያደርግ ጋበዙት፤ አደረገ፤ ሴቶቹን አስለቀሰ። ስካይላይን ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ የነዚያ ባልና ሚስት ሳሎን ውስጥ፣ በቤተ ዘመዱ ፎቶ መሐል እስከ ዛሬ ተሰቅሎ ይገኛል።

አንድ የማያፌዝበት ነገር ግን ነበረው። ልጅ ሳለ አዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ገብቶ ቶርኖ ተምሯል። ከዚያም ቄራ አጠገብ ባለ ወርክሾፕ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚልጠውን ያን ትልቅ ማሽን ይዞ የከባድ መኪና አክስል ሲያቀና፣ ቡሎን ቀርጾ ሲያወጣ ወጣትነቱን ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ በሱዳን በኩል ወጣ። አሜሪካ ፓርኪንግም ሠራ፣ ታክሲም ነዳ፣ አውቶቡስም ያዘ፤ ቶርኖ ትችላለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም። እጁ ግን አልረሳም። ወሬ ሲመስጠው ግራ እጁ አየር ላይ የሌለ መዘውር ቀስ አድርጎ ያዞራል። እኔ በሽታ መስሎኝ አንድ ቀን ሐኪም ቢያይህ ይሻላል ብዬዋለሁ።

ጡረታ ከወጣ በኋላ በፈቃዱ ኮል አደረገለት። በፈቃዱ ላንድማርክ ሰፈር የሚኖር፣ የተበላሸ መኪና የሚጭን ቶው ትራክ ያለው፣ ከሱዳን ጀምሮ ያልተለየው ጓደኛው ነው።

"ስማ፣ የልጅነት ፍቅረኛህን አገኘሁልህ፤ ኪሎ ግን ጨምራለች" አለው።

አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያለ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት በኮምፒውተር የሚታዘዙ ማሽኖች ሊያስገባ ነበርና አሮጌ ቶርኖውን ማንሣት የቻለ ይውሰደው ብሎ ነበር። ዓባይነህ ሄዶ አየው። ከሰው ቁመት የረዘመ፣ አረንጓዴ ቀለሙ እዚህም እዚያም የተላጠ፣ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ነው። መዘውሩን ያዘና አንድ ዙር አዞረው። በፈቃዱ እንደሚለው ዓባይነህ ሳይናገር ሲቆም ያየው ያን ቀን ብቻ ነው።

ቶርኖውን ቶው ትራኩ ላይ ጭነው፣ በሰንሰለት ጠፍረው፣ ቀለበት መንገዱን ቤልትዌይን ይዘው ፖቶማክን ተሻገሩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርሱ በብረት ቱቦ ላይ እያንከባለሉ ዓባይነህ ጋራዥ ውስጥ አስገቡት። እታለማሁ ሆስፒታል ላብራቶሪ ነው የምትሠራው፤ በዚያ ሰዓት ቤት አልነበረችም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ላባቸውን እየጠረጉ ተያዩ።

"እታለማሁን ምን ልትላት ነው?" አለ በፈቃዱ።

"እውነቱን።"

"ትችላለህ?"

"ሞክሬው አላውቅም" አለ ዓባይነህ።

ያን ቀንም አልሞከረም። የመኪና ሸራ ገዝተው ቶርኖውን አለበሱት። ሸራው ግን ጎባጣ አልጋ እንጂ መኪና አልመስል አለ። ዓባይነህ ጥቂት አሰበና ሁለት የጫማ ካርቶን አምጥቶ ከሸራው ሥር በግራና በቀኝ ወሸቃቸው። የጎን መስታወት ሆኑ።

እታለማሁ ከሥራ ተመልሳ የጋራዡን በር ስትከፍት ቆማ ቀረች።

"ይሄ ደግሞ የማን ነው?"

"የበፈቃዱ ፊያት ናት። አዲስ አበባ የነበሩትን ትንንሾቹን ታስታውሻለሽ አይደል?"

"ምነው እንዲህ ከሳች?"

"ጎማዋ ተፈቶ ነው። ዕድሜም አለ።"

"እስከ መቼ ልትቀመጥ ነው?"

"ገዢ እስኪገኝ።"

እታለማሁ ሸራውን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ በረጅሙ ተንፍሳ ወደ ቤት ገባች። ያን ዊንተርም በረዶ ስትፍቅ ከረመች። ዓባይነህ ኅሊናው ስላላስቀመጠው ከእሷ ቀድሞ እየወጣ መኪናዋን ያሞቅላት ነበር፤ እሷ ጡረታ ጥሩ ሰው አደረገው ብላ ለባለቤቴ ለውቢት ነገረቻት።

ቶርኖው ገባ እንጂ ኤሌክትሪኩ አልገባም። እንዲህ ያለ የፋብሪካ ማሽን ሦስት ፌዝ፣ ማለት በሦስት ሽቦ ተከፍሎ የሚመጣ ኤሌክትሪክ፣ ይፈልጋል፤ ወደ መኖሪያ ቤት የሚመጣው መስመር ደግሞ ሦስቱን አያሟላም። ዓባይነህ ይህን ስለሚያውቅ ጀርመንታውን ከተማ ካለ አንድ ሰው የጎደለውን የሚፈጥር መቀየሪያ ገዛ። መቀየሪያው በርሜል የሚያህል፣ ራሱም የሚሽከረከር ሞተር ነው። እሱን ሊያስነሣ የሚችል ጉልበት ያለው ሶኬት ቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ የልብስ ማድረቂያው፣ የድራየሩ። እታለማሁ ሥራ በሄደችበት የድራየሩን ስፒና ነቀለና ረጅም ገመድ ቀጥሎ የመቀየሪያውን ሰካ።

"አንድ ጊዜ እንደ በሬ አጓራ፤ ከዚያ ቤቱ ጨለመ" አለኝ በኋላ።

ዋናው ብሬከር መስመሩን ቆርጦ ወርዶ ነበር። ሶኬቱ ግን ከዚያ በፊት ጠቁሯል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ዓባይነህ በዚያች ደቂቃ ከልቡ ፈራ። ግድግዳው በውስጥ እየነደደ እንዳይሆን በመዳፉ እየዳሰሰ፣ እስኪበርድ ድረስ ከዚያ አልተነሣም። እታለማሁ መጥታ ምን ሆነ ስትለው ግን አፉ እንደ ልማዱ ቀደመው።

"ሽኮኮ ገብታ ሽቦውን በልታው ነው።"

እታለማሁ ቀልጣፋ ሴት ናት። በማግስቱ የሽኮኮ ወጥመድ ገዝታ መጣች፤ ኦቾሎኒውን በየቀኑ እየቀየረ እንዲጠብቅም አዘዘችው። ዓባይነህ የሌለችውን ሽኮኮ ሊያጠምድ ጠዋት ጠዋት ሲያጎነብስ ሰነበተ። ኦቾሎኒውን ራሱ ይበላና፣ "ዛሬም በልታ አመለጠች፤ ይቺስ የተማረች ናት" ይላታል።

በፈቃዱ ስለ ዕድላዊት የነገረው ከዚህ በኋላ ነው። ዕድላዊት አሌክሳንድሪያ የምትኖር፣ ላይሰንስ ያላት ኤሌክትሪሻን ናት። እሷም እታለማሁ ሥራ ላይ በሆነችበት ቀን መጣች።

"ሦስት ፌዝ ነው የምፈልገው" አላት ዓባይነህ።

"ጋሽ በፈቃዱ በአንዱ እንኳ አገር አስቸግሯል ብለውኛል፤ ሦስቱን ምን ሊያደርጉት ነው ጋሼ?"

ዓባይነህ እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ሲያገኝ ወዲያው ነው የሚወደው። እሷ ግን ቀልዷን ትታ ባትሪዋን አበራችና የተቃጠለውን ሶኬት ጎንበስ ብላ አየችው።

"ይሄንን ያደረገው ምንድን ነው?"

"ሽኮኮ።"

"ሽኮኮዋ በሕይወት መትረፏ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ሁለተኛ እንዳትነካው ይንገሯት" አለችው፤ ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

ከዚያ ብሬከሮቹ ያሉበትን ሣጥን፣ ፓኔሉን፣ ከፍታ አሳየችው። ቤቱ ሲሠራ የገባ አሮጌ ፓኔል ነው። ኤሲው፣ ምድጃውና ድራየሩ አንድ ላይ ሲነሡ እንኳ ይጨነቃል፤ ያ መቀየሪያ ደግሞ ሲነሣ ለቅጽበት ከሁሉም በላይ ይስባል። ስለዚህ ፓኔሉ በትልቅ ይቀየራል፤ ለማሽኑ የብቻው ወፍራም መስመርና የብቻው ብሬከር ይሠራለታል፤ አንድ ነገር ቢፈጠር እጅ እንዲደርስበት ማጥፊያው ከአጠገቡ ይተከላል። ከካውንቲው አስተዳደር የሥራ ፈቃድ፣ ፐርሚት፣ ይወጣል፤ ሲያልቅ የካውንቲው ኢንስፔክተር መጥቶ ሥራውን ይመረምራል።

"ያለ ፐርሚት አይሆንም?" አላት ዓባይነህ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ይሆናል። ቤቱ ይቃጠላል፣ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ይላል፣ እኔ ላይሰንሴን አጣለሁ። ሦስት ፌዝ ብለው አልነበር?"

ዓባይነህ እጁን አነሣ። "በይ እንደ ሕጉ ሥሪው። ብቻ ባለቤቴ እንዳትሰማ፤ ሰርፕራይዝ ነው።"

ሰርፕራይዙን ያበላሸው ራሱ ነው። ሞባይሉን ብዙ ጊዜ ስለሚረሳው ለዕድላዊት የቤቱን ስልክ ሰጣት፤ ቀን ቀን የማነሣው እኔ ነኝ ብሎ። አንድ ቀን እታለማሁ ዕረፍት ሆና ስልኩ ጮኸ። ዕድላዊት፣ ያነሣችው እንግዳ መስላት፣ "ዕድላዊት ነኝ፤ ለጋራዡ ማሽን ያዘዝነው ፓኔል ደርሷል ብለው ይንገሩልኝ" አለቻት።

"የትኛው ጋራዥ ነው የኔ ልጅ?" አለቻት እታለማሁ።

ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ጋራዡ ወረደች። ሸራውን ስትገልጠው አንደኛው የጎን መስታወት ከነካርቶኑ እግሯ ሥር ወደቀ። ቶርኖው ከዝገቱ ጸድቶ፣ ዘይት ተቀብቶ ያበራል፤ የጠፉባት የወጥ ቤት ፎጣዎች ሁሉ መዘውሮቹ ላይ ተጠምጥመዋል። አጠገቡ የበረንዳ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ የእሱ መነጽር። ኤሌክትሪክ የሌለውን ማሽን በእጁ እያዞረ ሲቀመጥ እንደሚውል ያን ጊዜ ገባት።

"ንዴቴም ሳቄም እኩል መጣ" ብላለች ለውቢት። "ሌላ ሴት ቢሆን ይሻለኝ ነበር እንዳልል፣ መነጽሩን ሳይ አንጀቴን በላው።"

ስልኩን እንደገና ጆሮዋ ላይ አደረገችው። "ዕድላዊት፣ ሥራሽን ሥሪ። እኔ ማወቄን ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። ደግሞ አንድ ነገር ትጨምሪልኛለሽ።"

ፓኔሉ የሚቀየር ዕለት ዓባይነህ፣ "ዛሬ መብራት ኃይሎቹ የመንገዱን ሁሉ ቆጣሪ ሊያድሱ ነው፤ መብራት የለም" አላት። "ደግ ነው፤ ሽኮኮዎቹም ይረፉ" ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። እሱ ንግግሯ ገረመው እንጂ አልጠረጠረም። ዕድላዊት ከሠራተኛዋ ጋር አዲሱን ፓኔል ሰቀለች፣ መስመሩን በቱቦ ዘረጋች። ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ሌላ ቱቦ ስታወርድ ዓባይነህ አያት።

"ይሄኛውስ?"

"መጠባበቂያ ነው ጋሼ።"

"መጠባበቂያ ጥሩ ነው" አለ እንደ አዋቂ።

የመጨረሻው ፍተሻ ብቻ ቀረ። ዕድላዊት ኢንስፔክተሩ የሚመጣበትን ቀን ለእታለማሁ ነገረቻት፤ ለእሱ ግን ገና ነው አለችው። ከዚያ እታለማሁ አንድ ቀን እራት ላይ፣ ጎመኗን እየጠቀለለች፣ "ለፊያቷ ገዢ አገኘሁ" አለች።

ዓባይነህ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ።

"ምን ዓይነት ገዢ?"

"አሮጌ ፊያት የሚሰበስብ ፈረንጅ ነው። ሐሙስ ጠዋት ይመጣል።"

"ሞተር እኮ የላትም!"

"እንዲያውም እሱ ይሻለኛል አለ።"

ዓባይነህ ጓሮ ወጥቶ በፈቃዱን ኮል አደረገው። እታለማሁ ግን በፈቃዱን ቀድማ ይዛዋለች። "ወንድሜ፣ ጥሩ ከሰጠ ሽጥልኝ እንጂ! እኔ እኮ ፊያቷን ልረሳት ደርሼ ነበር" አለው በፈቃዱ። ዓባይነህ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት የሚናገርለት ሰው ፈለገ፤ አጣ።

ሐሙስ ዕለት እታለማሁ ፈቃድ ወስዳ ቀረች። እኔንና ውቢትን፣ በፈቃዱንና ዕድላዊትን በጓሮ በኩል አስገብታ ወደ ጋራዡ ከሚያስወጣው የወጥ ቤት በር ኋላ አቆመችን። በሩን ገርበብ አድርገን እናያለን። ኢንስፔክተሩ ረጅም፣ ወፍራም ጃኬት የለበሰ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ዓባይነህ የፊያቷ ገዢ መስሎት የጋራዡን ትልቁን በር ከፍቶ ሸራው ፊት እጁን ዘርግቶ ቆመ።

"ወንድሜ፣ ልዋሽህ አልፈልግም፤ ሞተሩ ሞቷል" አለው በእንግሊዝኛ።

"ሞተሩ የእኔ ጉዳይ አይደለም" አለ ሰውየው። "እኔ ሽቦውን ብቻ ነው የማየው።"

"ሽቦው?" ዓባይነህ መውጫ ቀዳዳ ያገኘ መሰለው። "ሽቦው ከሁሉም የባሰ ነው! አይጥ በልቶታል። አንድ ጊዜ ተቃጥሏል። እኔ ራሴ አጠገቡ ልተኛ ብባል አልተኛም።"

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ። "የሠራው ማነው?"

"ጣሊያኖች ናቸው። የዛሬ ስድሳ ዓመት።"

ውቢት አፏን በሻርፗ ያዘች። በፈቃዱ ግድግዳው ላይ ተደግፎ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ ነው። ዕድላዊት ግን ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ፤ ሰውየው መጻፍ ጀምሯላ። በሩን በርግዳ ወጣች።

"ጋሼ፣ ስለ እግዚአብሔር ዝም ይበሉ! ላይሰንሴን ሊያስነጥቁኝ ነው!"

ዓባይነህ ዞር ሲል ዕድላዊትን፣ ከኋላዋ እታለማሁን፣ ከእሷ ኋላ እኛን አየ። ዕድላዊት ለሰውየው በጥድፊያ አስረዳችው። ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን እንደያዘ ሄዶ ሸራውን በአንድ ጣቱ ገለጠ፤ የጫማውን ካርቶን አየ፤ ቶርኖውን ከራስ እስከ እግሩ አየ።

"ፊያት አይደለም" አለ።

ከዚያ ሥራውን ጀመረ። ፓኔሉን አስከፈተ፣ በመሣሪያው ለካ፣ ማጥፊያውን አወረደ አነሣ፣ ዕድላዊትን ጥያቄ በጥያቄ ላይ ደራረበባት፤ እሷም ለሁሉም መልስ ነበራት። በመጨረሻ አልፏል የሚለውን ምልክት ለጠፈና ወደ ፊተኛው ግድግዳ ጠቆመ።

"ይሄኛው መስመር የመኪናዋ ነው አይደል?"

"የትኛዋ መኪና?" አለ ዓባይነህ፤ ያን ጊዜ የተናገረው ንጹሕ እውነት ነበር።

"የእኔ" አለች እታለማሁ። "የድሮዋን ለሰው ልሰጣት ነው፤ ማክሰኞ በኤሌክትሪክ የምትሄደዋ ትመጣለች። እዚህ ነው የምታድረው፣ ቻርጅ የምታደርገውም እዚህ ነው። አንተ ፊያትህን ወደ ኋላኛው ግድግዳ ትገፋልኛለህ።"

ዓባይነህ ግድግዳውን አየ፣ ዕድላዊትን አየ። "መጠባበቂያ አልሽኝ" አላት።

"ይቅርታ ጋሼ። የታዘዝኩትን ነው።"

ወደ ሚስቱ ዞረ። እታለማሁ ቀረብ ብላ ኮሌታውን አስተካከለችለት። "ብትነግረኝ ኖሮ እኮ እሺ ባልኩህ ነበር" አለችው፤ ድምፅዋ ላይ አሁን ፌዝ አልነበረም። "ይሄን ያህል ዓመት ስንኖር ይሄን ነገር እንደምትወደው አንድ ቀን አልነገርከኝም።"

"ብሞክረው ባልችልስ?" አላት። "እጄ ረስቶት ቢሆንስ? ረስቶት ከሆነ ማንም ሳያየኝ ልወቀው ብዬ ነው።"

ማናችንም ይህን አልጠበቅንም። በፈቃዱ እንኳ መሬት መሬቱን አየ።

ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን ተመለከተና መሄዱን ተወው። "አስነሡት እስቲ፤ ኤሌክትሪኩን ሲስብ ማየት አለብኝ" አለ፤ እውነቱን ይሁን ሰበብ እግዚአብሔር ይወቅ። ዕድላዊት ማጥፊያውን ከፍ አደረገች። መቀየሪያው አጓራ፤ የጋራዡ አምፖል ግን አልፈዘዘም። ዓባይነህ መነጽሩን አደረገ፣ የክንዱን ቁልፍ ፈትቶ እጅጌውን ጠቀለለ። አንድ ቁራጭ ብረት ማሽኑ ላይ አስሮ ማስነሻውን ተጫነ። ብረቱ መሽከርከር ጀመረ። ግራ እጁ መዘውሩን ያዘና ቀስ አድርጎ አዞረው። ቢላው ብረቱን ሲነካው ቀጭን፣ ሰማያዊ፣ እንደ ልጅ ፀጉር የተጠቀለለ ፍቅፋቂ እየጨሰ ወረደ። አንዱ ክንዱ ላይ ወድቆ አቃጠለው፤ እጁን አልሰበሰበም።

ፊቱን ወደ ማሽኑ እንዳደረገ ቆየ። እታለማሁም ወደ እኛ ዞራ፣ "በሉ ግቡ፣ ምሳ ቀርቧል" አለችን። ኢንስፔክተሩም ገባ፤ ቀይ ወጡን ችሎ በላ።

ከዚያ ወዲህ ጋራዡን ለሁለት ተካፍለውታል። ፊት ለፊት የእሷ መኪና፣ ከኋላ የእሱ ቶርኖ። ለበፈቃዱ ቶው ትራክ በተሰበረችው ፒን ፋንታ አዲስ ሠራለት፤ ጎረቤት ላለ ፈረንጅ የሣር ማጨጃ ዘንግ ሠራለት፤ ለሠራው ሁሉ ግን ሌላ ሌላ ታሪክ ይሰጠዋል። ለፈረንጁ ብረቱ ከመርከብ የመጣ ነው ብሎታል።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ጎራ ብዬ ነበር። ጋራዡ ክፍት ነው፤ ቶርኖው ይጮኻል። ዓባይነህ ግን እጁን ኋላው አጣምሮ ቆሟል። ማሽኑ ላይ ያለችው እታለማሁ ናት፤ ፀጉሯን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ የእሱን የዓይን መከላከያ አድርጋ፣ ናስ ትልጣለች።

"ቀስ በይ፣ እየበዛ ነው" ይላታል።

"አንተ ዝም በል፣ አየዋለሁ።"

ማሽኑን እስክታጠፋ ጠብቄ፣ "ምን እየሠራሽ ነው እታለም?" አልኳት።

መከላከያውን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ በእጇ ላይ ያለውን የሚያብረቀርቅ ነገር አገላብጣ አየችው።

"እኔንጃ" አለች። "ሲላጥ ደስ ስላለኝ ነው።"